ሶሎ ከባንድ ጋር አብሮ መቅዳት

ጥያቄ፦ ሰላም። አራት ሆነን ትዝታ እንጫወታለን። የጊታር ሶሎውን፣ ማለትም ብቻዬን ጎልቼ የምጫወተውን ክፍል፣ እዚያው ነው የምፈጥረው፤ ለየብቻ ስንቀዳ ግን ነፍስ የለውም፣ አብረን ስንቀዳ ደግሞ የድራሙ ድምፅ በጊታሬ ማይክ ይገባል። ምን ይሻላል?

መልስ 1፦ አብራችሁ ቅዱ! አምፕሊፋየሩን ሌላ ክፍል አስገባውና አንተ በሄድፎን እየሰማህ ከልጆቹ ጋር ሁን፣ ድራመሩን በዓይንህ ማየት አለብህ።

መልስ 2፦ ሌላ ክፍል ከሌለ በዲአይ ቦክስ (ጊታሩን ያለ ማይክ ከመቅጃው ጋር በሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን) ቀጥታ ቅዳው። በኋላ ያንኑ በአምፕሊፋየር አሳልፈህ እንደገና ትቀዳዋለህ።

መልስ 3፦ ቅኝቱን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። በትዝታ ማይነር "ሚ" እና "ላ" ግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ፣ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ይህን ከሳተ ሶሎህ አለቀለት። ደግሞ ሦስቴ አራቴ ቅዱና ተዉት፤ ከዚያ በኋላ እጅ የለመደውን ብቻ ይደግማል።

ጠያቂ፦ ተባረኩ! ቅዳሜ በዲአይ እንሞክረዋለን።