የቢሮ ሕፃናት ማቆያ፦ 24 ካሬ ክፍል ስንት ልጅ ይይዛል?

ጠያቂ (የሰው ኃይል አስተዳደር፣ ስታዲየም አካባቢ)
ሰላም ለሁላችሁ። የግል ድርጅት ነን፤ ሠራተኛው ከ80 በላይ ነው። 9 እናቶች አሉ፣ ልጆቻቸው ከ3 ወር እስከ 2 ዓመት ተኩል። ማኔጅመንቱ በተከራየነው ሕንፃ 4ኛ ፎቅ ላይ 24 ካሬ ሜትር ክፍልና አንድ ሞግዚት ፈቅዷል። ይበቃል? ሕጉስ ያስገድደናል?

መልስ፦ የማቆያ አስተባባሪ
አይበቃም። 24 ካሬውን እንዳለ አትቁጠሩት፤ ዳይፐር መቀየሪያው፣ የእጅ መታጠቢያው፣ የፍራሽና የልብስ መደርደሪያው 5 ካሬ ያህል ይበላሉ። በቀረው 19 ላይ ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ 3.5 ካሬ ብታስቡ የሚይዘው 5 ልጅ ነው።

ቦታው ግን ትንሹ ችግር ነው፤ ዋናው ሞግዚቷ ናት። ዓመት ላልሞላቸው ለ3 ልጅ አንድ ሞግዚት ያስፈልጋል፣ ከፍ ላሉት ለ4 ወይም ለ5 አንድ። ልጆቹ ቢያንሱም ሞግዚት ከሁለት አይነስ፦ አንዷ ዳይፐር ስትቀይር ሌሎቹን የሚያይ መኖር አለበት። ለምሳ ሰዓትና አንዷ ለታመመችበት ቀን የምትተካ ሦስተኛ ሴት ከአሁኑ አሠልጥኑ። ይህ ካልተደረገ እናቶቹ ጠዋት በር ላይ ልጅ ታቅፈው ይቀራሉ።

ስለ ሕጉ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የግል ድርጅትን ማቆያ ክፈት ብሎ አያስገድድም። አዋጅ 1064/2010 ግዴታውን የጣለው በፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ላይ ነበር። ነገር ግን አዋጅ 1156 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን ነው፤ እናት ስትመለስ ልጇ ገና 3 ወሩ። የእናት ጡት ብቻ መጥባት ያለበት ደግሞ እስከ 6 ወር ነው። መጀመሪያ መሸፈን ያለበት ይህ የ3 ወር ክፍተት ስለሆነ ቅድሚያው ለትንንሾቹ ይሁን።

መልስ፦ የሕፃናት ነርስ
ከመጫወቻ በፊት ትንሽ ፍሪጅና ቴርሞሜትር ግዙ። የታለበ የጡት ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት፣ በ4 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ጠርሙሱ ላይ የልጁ ስም፣ ቀንና ሰዓት ይጻፍ። ማሞቂያው ሙቅ ውሃ ያለበት ሳህን እንጂ ማይክሮዌቭ አይደለም፤ ማይክሮዌቭ እኩል ስለማያሞቅ የልጁን አፍ ያቃጥላል። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱ፤ ከተዘጋ ቅዝቃዜውን 4 ሰዓት ያህል ይይዛል።

ዳይፐር መቀየሪያው በየልጁ መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ፣ ከዚያ በበረኪና። በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ 20 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር ውሃ፣ በየጠዋቱ አዲስ ይበጠበጥ፤ ያደረው ኃይሉ ይደክማል። ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር በፍጹም አይቀላቀል፣ መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ቧንቧ ያለው 20 ሊትር ጀሪካን ሁሌ ሞልቶ ይቀመጥ።

ልጅ ሲተኛ በጀርባው፣ ጠንካራ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ። ሙቀቱ 38 ከደረሰ እናቱ ትጠራ። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ከቆመለት በኋላ 48 ሰዓት ቤት ይቆይ። ይህን ደንብ ማቆያውን ከመክፈታችሁ በፊት እናቶቹን አስፈርሙ፤ በኋላ ከሆነ ክርክር ያመጣል።

ጠያቂ
እናመሰግናለን። 4ኛ ፎቅ መሆኑስ? ወጪውንስ ማን ይሸፍን?

መልስ፦ የማቆያ አስተባባሪ
ፎቁን ለውጡ። እሳት ቢነሳ ሊፍት አይያዝም፣ አንዲት ሞግዚት ደግሞ በደረጃ ይዛ የምትወርደው ሁለት ሕፃን ነው። ምድር ቤት ወይም 1ኛ ፎቅ ላይ ካለ ቢሮ ጋር ተቀያየሩ። መስኮቱ የጄኔሬተሩን ጭስ እንዳያስገባ እዩ፤ የቡና ከሰልም በዚያ ኮሪደር አይቀጣጠል።

የሞግዚቶቹን ደመወዝ ድርጅቱ ይክፈል፤ ወላጅ ዳይፐርና ምግብ ያምጣ። ወርሃዊ መዋጮ ከጣላችሁ መጀመሪያ የምትቀረው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፣ ማቆያው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋት ግን እርሷ ናት። ምርጫውም በልጅ ዕድሜ እንጂ በእናት የሥራ ደረጃ አይሁን። ሥራ 2፡30 ከጀመረ ማቆያው 2፡00 ይከፈት፤ ማታም ከሥራ መውጫው በኋላ ግማሽ ሰዓት ይቆይ።