ደሴን በአንድ ቅዳሜ ሳንጣደፍ ለማየት ከየት እንጀምር?

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)
ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። እኛ በሥራ ምክንያት ኮምቦልቻ የምንኖር፣ ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች የሆንን ጓደኛሞች ነን። በጥር ወር መጨረሻ ከድሬዳዋ አንድ ጓደኛችን በእንግድነት ስለሚመጣ፣ አንድ ቅዳሜን ሙሉ ደሴ ላይ አብረን ለማሳለፍ አስበናል። እስከ ዛሬ ደሴ የወጣነው ለሕክምና ወይም ለዕቃ ግዢ ብቻ ስለሆነ፣ ከተማዋን ተረጋግተን አይተናት አናውቅም። ከመካከላችን አንዷ ጉልበቷን ስለሚያማት ረጅም ዳገት አትወጣም፤ ሁለታችን ሙስሊሞች፣ ሦስታችን ደግሞ ክርስቲያኖች ብንሆንም ምሳ ላይ ከአንድ ትሪ መብላት እንፈልጋለን። ከየት ጀምረን የት ብንጨርስ ይሻላል? የሐይቅ ከተማንስ በዚያው ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል?

መልስ (የሙጋድ ልጅ)
አብሽሩ፣ ቀኑ ይበቃችኋል፤ ሐይቅን ካልጨመራችሁበት ማለቴ ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር የተዘረጋች ከተማ በመሆኗ ከዋናው አስፋልት ግራም ሆነ ቀኝ ስትታጠፉ ዳገት ይጠብቃችኋል። ስለዚህ ጠዋት፣ ጉልበታችሁ ሳይዝል፣ ከፍ ካሉት ሰፈሮች ወደ አንዱ በኮንትራት ባጃጅ ወጥታችሁ ከተማዋን ቁልቁል ከተመለከታችሁ በኋላ፣ በእግራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ፒያሳ ውረዱ። የባጃጁን ዋጋ ሳትሳፈሩ ተስማሙ፤ ከወረዱ በኋላ መከራከር የቀኑን ደስታ ያበላሻል።

መልስ (የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ቧንቧ ውሃ)
የሙጋዱ ወንድሜ ስለ ዕይታው ያለው ትክክል ነው፤ በእግር መውረዱን ግን ለታመመችው እህታችን አልመክርም። ብዙ ሰው ጉልበትን የሚጎዳው ዳገት ብቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በቁልቁለት ጊዜ የሰውነት ክብደት በእያንዳንዱ እርምጃ የሚያርፈው በታጠፈው ጉልበት ላይ ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ ሕመሙን የሚያባብሰው መውረዱ ነው። እርሷ በባጃጁ ትመለስና ፒያሳ ላይ ትጠብቃችሁ፤ ከእናንተም አንዱ አብሯት ቢወርድ ብቸኝነት አይሰማትም። በፒያሳ በኩል የሚያልፈውን ዋና መንገድ ግን መሃል መሃል ላይ እያረፈች ከሁላችሁ ጋር ልትሄደው ትችላለች። ከዘራ ወይም ምርኩዝ መያዝም አያሳፍርም።

መልስ (የታሪክ መምህር)
ከዕይታው ቀጥሎ አይጠየፍ አዳራሽን እንድታዩ እመክራለሁ። ያሠሩት፣ የልጅ ኢያሱ አባት የሆኑትና በ1906 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። እርሳቸው ቀድሞ መሐመድ አሊ የሚባሉ የወሎ መስፍን ነበሩ፤ ክርስትና የተነሡትም በ1870 ዓ.ም. ከተካሄደው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ነው። አዳራሹ «አይጠየፍ» የተባለው ደሃውንም ባለጸጋውንም ሳይለይ በግብር ስለሚያስተናግድ ነው ይባላል፤ ከአንድ ትሪ ለመብላት የምትጨነቁ አምስት ጓደኛሞች ይህን ስም ሳትሰሙ ብትመለሱ ያሳዝነኛል። ደሴ ሙዚየም የሚገኘው ደግሞ ቀድሞ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ በነበረው ቤት ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ዘረፋና ጉዳት ስለደረሰበት፣ የዚያን ዕለት ክፍት መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስለሚዘጉ ሁለቱንም ከምሳ በፊት ጨርሱ።

መልስ (ከሐይቅ)
የሐይቅ ልጅ ሆኜ ሐይቅን አትምጡ ማለት አይሆንልኝም። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከሐይቁ የሚወጣው ዓሣም ለምሳ ይሆናል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም እዚያው ነው።

መልስ (የታሪክ መምህር)
ወንድሜ፣ ከአምስቱ ሁለቱ ሴቶች መሆናቸውን አስተውል። ገዳሙ ሴቶችን አያስገባም፤ ወንዶቹ ሲገቡ እነርሱ ከውጭ ቆመው የሚጠብቁ ከሆነ አብሮ መዋሉ ቀረ። ሐይቅ ራሱን የቻለ ሌላ ቀን ይፈልጋል፤ የዚያን ጊዜ ሁሉም በሐይቁ ዳርቻ ይዋል።

መልስ (እናት፣ ሸዋ በር)
ልጆቼ፣ ስለ ምሳው አትጨነቁ፤ ይህ የወሎ አገር ነው፣ የእናንተ ዓይነት ማኅበር እንግዳ አይሆንብንም። ሥጋ ካማራችሁ ሙስሊሞቹና ክርስቲያኖቹ ለየብቻ ማዘዝ ሊኖርባችሁ ነው። የሁላችሁም እጅ አንድ ትሪ ላይ እንዲገናኝ ከፈለጋችሁ ግን ተጋቢኖ ሽሮና በያይነት እዘዙ፤ ለመጠጥም በጠላ ፈንታ ቃሪቦ ወይም ብርዝ ይሻላል። ሙስሊሞቹ ልጆቼ የዙሁር ሰላት ሰዓት ሲደርስ ሸዋ በር መስጊድ ሰግደው እስኪመለሱ ሌሎቹ ቡና ያስፈሉ። ቡናውን «ጀባ» ሲሏችሁ «በረካ ሁኑ» በሉ፤ አቦሉን ብቻ ጠጥታችሁም አትነሡ።

መልስ (የሚኒባስ ሹፌር)
እኔ የምናገረው ስለ መንገዱ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ የሚያስወጣና የሐረጎ ጠመዝማዛ ያለበት ስለሆነ እንደ ሜዳ መንገድ አትቁጠሩት። ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊት ተነሡ። ማታ ግን ጉም ሐረጎ ላይ ከወረደ መብራትም ብዙ አይረዳም፤ ስለዚህ ለመመለስ ከአሥር ሰዓት ተኩል አትለፉ። ሆዱ ቶሎ የሚታወክ ካለ ከፊት ወንበር ይቀመጥ፤ ቁርሱንም ደሴ ከደረሰ በኋላ ይብላ። ለድሬዳዋው እንግዳም ጋቢ ያዙለት፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የጥር ጠዋቷ ለቆላ ሰው አይቻልም።

ጠያቂ (ከኮምቦልቻ)
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። ተነጋግረን እንዲህ ወስነናል፦ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እንነሣለን፤ ደሴ እንደ ደረስን ቁርስ በልተን በባጃጅ ለዕይታ እንወጣለን፤ ስንመለስ ሦስታችን በእግር፣ ሁለታችን በባጃጅ ወርደን ፒያሳ ላይ እንገናኛለን። ከዚያ አይጠየፍና ሙዚየሙ፣ ቀጥሎ ሰላት፣ ምሳና ቡና ይሆናሉ። ከምሳ በኋላ የሚተርፈንን ጊዜ ሆን ብለን ባዶ ትተነዋል። ሐይቅን ለሚያዝያ አስተላልፈነዋል። እናታችን ሆይ፣ ሦስተኛውንም ሳንጠጣ አንነሣም።

መልስ (እናት፣ ሸዋ በር)
በረካ ሁኑ። ጋቢውን እንዳትረሱት።