ዕዳ የዋጠው የውሃ ድርጅት፦ መንግሥት ይውሰደው ወይስ በግል እጅ ይቆይ?

ጥያቄ፦
የእንግሊዙን የግል ውሃ ድርጅት የቴምስ ዋተርን ነገር እየተከታተልኩ ግራ ገባኝ። ለንደንን ጨምሮ ወደ 16 ሚሊዮን ሰው ያገለግላል። ዕዳው ከ15 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝና የዌልስ ውሃ ድርጅቶች ለግል ሲሸጡ መንግሥት ወደ 5 ቢሊዮን ፓውንድ ዕዳ ሰርዞላቸው ነበር። አሁን መንግሥት ይውሰደው ከተባለ ይሄን ሁሉ ሕዝቡ ሊሸከም ነው? በግል እጅ ይቆይ ቢባልስ ማን ያምነዋል?

መልስ፦
ወደ መንግሥት ይመለስ ባይ ነኝ። ደንበኛው ሌላ ውሃ ሻጭ ጋ መሄድ አይችልም፤ ታዲያ የምን ውድድር ነው? ፓሪስ በግል ኩባንያዎች እጅ የነበረውን የውሃ አገልግሎት በ2010 ወደ ከተማዋ መልሳ በዓመቱ ታሪፉን 8 በመቶ ቀንሳለች።

ሌላ መልስ፦
ፓሪስ በኮንትራት የሰጠችው ሥራውን ነበር፤ ኮንትራቱ ሲያልቅ ተረከበች። እንግሊዝ ግን ቧንቧውንም ማጣሪያውንም ጭምር ነው የሸጠችው። ስለዚህ መመለሱ እንደዚያ አይቀልም።

የመንግሥት መሆን ብቻውንም ዋስትና አይሆንም። አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ የጄፈርሰን ካውንቲ (የአካባቢ አስተዳደር) የፍሳሽ መስመር የሕዝብ ነበር። ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ተከመረበት። ባለሥልጣናት በጉቦ ታሰሩ፣ ካውንቲው በ2011 ኪሳራ አወጀ። የታሪፍ ጭማሪው የወደቀው ነዋሪው ላይ ነው።

እኔ የምሠራው የውሃ ብክነት ክትትል ላይ ነው። ሰው በተኛበት፣ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት፣ የሰፈሩን ዋና ቆጣሪ እናያለን። ያኔም ቆጣሪው ከሮጠ ውሃው መሬት ውስጥ እየፈሰሰ ነው። ከዚያ የማዳመጫውን ዘንግ ቫልቩ ላይ አስደግፈን ጆሯችንን እንሰጣለን። የሚያፈስ ቧንቧ ሽሽሽ ይላል። ቦታውን አግኝተን ሪፖርት ስናደርግ መልሱ ብዙ ጊዜ "በጀት የለም" ነው። በጣም ያናድዳል!

ለዚህ ነው ዕዳ ሲነሳ ገንዘቡ መሬት ውስጥ ገብቷል ወይ ብዬ የምጠይቀው። ቧንቧ ከ50 ዓመት በላይ ያገለግላል። በብድር ቢቀበር ነውር የለውም፤ ነገ የሚጠጣውም ድርሻውን ይከፍላል። ተበድሮ ለባለአክሲዮን ትርፍ ማከፋፈል ግን ገና ያልተወለደ ልጅን ባለዕዳ ማድረግ ነው።

ጠያቂ፦
እሺ፣ የተከመረውስ? መንግሥት ከወሰደው ሙሉውን ይከፍላል ማለት ነው?

መልስ (የብክነት ክትትሉ ሰው)፦
የግድ አይደለም። በእንግሊዝ ሕግ ልዩ አስተዳደር የሚባል አሠራር አለ። ፍርድ ቤት አስተዳዳሪ ይሾማል፤ ውሃው ሳይቋረጥ ዕዳው እንደገና ይደራጃል። አበዳሪው ካበደረው ዋና ገንዘብ ሊቀነስበት ይችላል። ወለድ ሲቀበል የኖረው ይሄንንም አደጋ ሊሸከም አይደል? መንግሥት ሙሉውን ከወሰደ ግን አበዳሪው ነፃ ወጣ፣ ከፋዩ ያው ደንበኛ።

ዌልስን እዩ። የአብዛኛውን አገር ውሃ ከ2001 ጀምሮ የያዘው ባለአክሲዮን የሌለው ኩባንያ ነው። ዕዳ አለበት፤ ትርፍ ሲገኝ ግን የሚከፋፈለው የለም፣ ወደ ሥራው ይመለሳል። እኔ ወደዚህ አደላለሁ። ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን፣ ዕዳው ከንብረቱ አንጻር ከጣሪያ ሲያልፍ የትርፍ ክፍፍል ወዲያው የሚያስቆም ሕግ ይውጣ።