ስላይዱ ኤ ይላል፣ ሪቨርሱ አልስማማም አለኝ

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሕክምና ላብራቶሪ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ትናንት በልምምድ ሰዓት የራሴን ደም ዓይነት ሠራሁ። ስላይዱ ላይ አንቲ-ኤ (ኤ ያለበትን ሴል የሚይዘው ፈሳሽ) ወዲያው ጓጎለ፣ አንቲ-ቢ ዝም፣ አንቲ-ዲ ጓጎለ። ኤ ፖዘቲቭ ብዬ ጻፍኩ፤ ከልጅነቴ የማውቀውም ይህንኑ ነው። በቱቦ ሪቨርሱን (ፕላዝማዬን ዓይነታቸው ከሚታወቅ ሴሎች ጋር) ስሠራ ግን ጉድ መጣ፦ ፕላዝማዬ ከቢ ሴል ጋር 4+ (ጠንካራ ጉጉለት)፣ ከኤ1 (ዋናው የኤ ንዑስ ዓይነት) ሴል ጋር ደግሞ 1+ (ደካማ)! ኤ የሆነ ሰው ኤን የሚቃወም ከየት ያመጣል? አጠገቤ ያለው ልጅ «ራሱን የሚበላ ደም» ብሎ ሳቀብኝ። ቱቦ ተቀያይሮብኝ ይሆናል ብዬ ደገምኩት፣ ያው ነው። የቱን ልመን?

ፈጣኑ፦
ስላይድሽ ነው የዋሸሽ። ጠብታው ከ2 ደቂቃ በላይ ከቆየ ጠርዙ ይደርቅና የጓጎለ ይመስላል። እኔም ተሸውጄበታለሁ።

ሽበቱ፦
ፈጣኑ፣ የስላይዱ ነገር እውነት ነው፤ የእሷ ችግር ግን ያለው ቱቦው ላይ ነው። እህቴ፣ ለጊዜው አንዱንም አትመኚ። ፎርዋርዱ (ሴልሽ በአንቲ-ኤና በአንቲ-ቢ የታየበት) እና ሪቨርሱ እስኪታረቁ ድረስ ውጤት አይወጣም። ሪቨርስ የሚሠራው እኮ ፎርዋርዱን ለመመስከር ነው፤ ምስክሩ ሌላ ሲናገር ዝም ማሰኘት የለብንም።

መጀመሪያ የራስሽን ሴል ከራስሽ ፕላዝማ ጋር አድርጊና እዪ። ያ ከጓጎለ ወይ የቅዝቃዜ አውቶአንቲቦዲ (በቅዝቃዜ የራስን ሴል የሚይዝ አንቲቦዲ) ነው፣ ወይ ሩሎ ነው። ሩሎ ማለት ሴሎቹ እንደ ሳንቲም ሲደረደሩ ነው፤ ሴንትሪፊዩጅ አድርገሽ ፕላዝማውን አውጪና በልኩ ሳላይን ተኪበት። ሩሎ ከሆነ ይበተናል፣ እውነተኛ ከሆነ አይበተንም። የራስሽ ካልጓጎለ ግን ነገሩ ይጣፍጣል። የኤ2 (ደከም ያለው የኤ ንዑስ ዓይነት) ሴልና የኦ ሴል ፈልጊ፤ የኤ1 ሴልም ከሁለት ሦስት የተለያየ ሰው ይሁን፣ ምክንያቱም ያ አንዱ ሴል «ኤም» (M) የሚባል ሌላ አንቲጅን (ሴሉ ላይ ያለ ምልክት) ኖሮበት፣ ፕላዝማሽም የያዘው እሱን ሊሆን ይችላል። ኦ ሴልን የጨመርኩትም ለዚሁ ነው፤ ኤም (M)፣ አይ (I) የመሳሰሉት አንቲጅኖች ኦ ላይም አሉ፣ ኤ ግን የለም።

የራስሽን ሴል ደግሞ በአንቲ-ኤ1 ሌክቲን (ሴል የሚያጓጉል የእፅዋት ፕሮቲን) ሞክሪው። ከዶሊኮስ ባይፍሎረስ ዘር የሚወጣ ነው፣ የባቄላ ዘመድ። በልኩ ቀጥኖ የተዘጋጀው ኤ1ን ይይዛል፣ ኤ2ን ይተዋል። የእፅዋት ዘር የሰው ደም መለየቱ እስከዛሬ ይገርመኛል።

ጀማሪዋ፦
እሺ ጋሼ፣ ዛሬ ሠራሁት። ከራሴ ጋር፦ 0። ኦ፦ 0። ኤ2፦ 0። ሦስቱም የኤ1 ሴሎች፦ 1+፣ 1+፣ 2+። ሌክቲኑ ሴሌን አልነካውም፤ ኤ1 የሆነ የጓደኛዬን ሴል ግን ጥርግ አድርጎ ያዘው፣ ስለዚህ ሪአጀንቱ ደኅና ነው።

ሽበቱ፦
እንኳን ደስ ያለሽ፣ ኤ2 ነሽ፤ አንቲ-ኤ1ም አለሽ። ኤ1 ሴል ላይ አንድ ሚሊዮን ገደማ ኤ አንቲጅን ቢኖር ኤ2 ላይ ሩቡ ያህል ነው። የዛሬዎቹ አንቲ-ኤ ሪአጀንቶች ጠንካራ ስለሆኑ ያ ሩቡም ይበቃቸዋል፣ ስላይዱ ያልነገረሽ ለዚህ ነው። ልዩነቱ የቁጥር ብቻም አይደለም፤ አለዚያ አንቺ አንቲ-ኤ1 ባልሠራሽ ነበር።

ፈጣኑ፦
ታዲያ ደም ቢያስፈልጋት ምን ልትወስድ ነው?

ሽበቱ፦
በ37 ዲግሪ ይታይ። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በቅዝቃዜ ብቻ ስለሆነ ጉዳት የለውም። በ37ም ከጓጎለ ኤ2 ወይም ኦ ሴል ነው የሚሰጣት።

ጀማሪዋ፦
በ37 አስቀምጬው ነበር፣ አሁን አየሁት። ሦስቱም 0። ያ ልጅ ደግሞ የራሱን ሪቨርስ ገና አልሠራም።