«ካናቢስ ሳቲቫ» የሚል ዘይት ተላከልኝ፤ ሀሺሽ ነው እንዴ?

የሱሉልታዋ እናት፦ ሰላም ለዚህ ቤት። የ9 ዓመት ልጄ የሚጥል በሽታ አለበት፤ ቫልፕሮት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ውጭ አገር ያለች እህቴ «ለሚጥል በሽታ ፍቱን ነው» ብላ በሰው እጅ አንድ ጠርሙስ ዘይት ላከችልኝ። ጎረቤቴ ጽሑፉን አንብባ «ካናቢስ ሳቲቫ ይላል፤ ሀሺሽ እኮ ነው፣ ድፊው!» አለችኝ። እህቴ ደግሞ «ሄምፕ ነው፣ የማያሰክረው ዓይነት፤ ዘሩ ሌላ ነው» ትላለች። ማንን ልመን? ለልጁ ገና አልሰጠሁትም።

ገብስ መራጭ፦ እህቴ፣ እንኳን ሳትሰጪው ጠየቅሽ። የሱሉልታ ሰው ነሽና በገብስ ላስረዳሽ። ለቆሎ የምትይዥው ሰነፍ ቆሎና ለቢራ ፋብሪካ የሚሸጠው ገብስ ሁለቱም ገብስ ናቸው፤ ዘራቸው ግን ይለያያል። ካናቢስም እንደዚያው ነው። «ሳቲቫ» የሚለውን ስም የስዊድኑ የዕፅዋት ሊቅ ሊኔየስ በፈረንጆቹ 1753 ሲያወጣ በአውሮፓ ለገመድና ለጨርቅ የሚዘራውን ተክል ነበር ያየው። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ላማርክ በ1785 ከህንድ የመጣለትን የሚያሰክር ዓይነት «ኢንዲካ» አለው። በ1924 ደግሞ በሩሲያ «ሩደራሊስ» የተባለ ድንክ ተጨመረ፤ እሱ የቀኑን ርዝመት ሳይጠብቅ ዕድሜው ሲደርስ ያብባል። ዛሬ ብዙ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ሦስቱንም የአንድ ዝርያ ልጆች ያደርጓቸዋል። ስለዚህ ሳቲቫ የሚለው ቃል ብቻውን ሀሺሽ ነውም አያሰኝም፣ አይደለምም አያሰኝም።

ዋናው ልዩነት በዓይን አይታይም። ተክሉ መጀመሪያ ሲቢጂኤ የሚባል አሲድ ይሠራል። ከዚያ አንዱ ኢንዛይም ያንን አሲድ ወደ ቲኤችሲ፣ ማለትም ወደሚያሰክረው መንገድ ይወስደዋል፤ ሌላው ወደ ሲቢዲ ይወስደዋል፤ ሲቢዲ አያሰክርም። የትኛው ኢንዛይም እንደሚሠራ የሚወስነው ከእናትና ከአባት የወረሰው ዘረ መል ነው። በሄምፕ የቲኤችሲው መንገድ የተዘጋ ያህል ነው። ሄምፕንና ሀሺሽን የሚለየው የ0.3 በመቶ ቲኤችሲ ወሰን ግን ከተፈጥሮ የመጣ አይደለም፤ በፈረንጆቹ 1976 ስሞልና ክሮንክዊስት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለምደባ እንዲመች ያቀረቡት ነው። ብዙ አገሮች በኋላ ሕጋቸው ውስጥ አስገቡት።

ፋርማሲስቱ፦ እህቴ፣ ከዘሩ በፊት ጠርሙሱን እንይ። ከካናቢስ ሳቲቫ ሌላ ምን ተጽፎበታል?

የሱሉልታዋ እናት፦ «ሄምፕ ሲድ ኦይል፣ 250 ሚሊ ሊትር» ይላል። ቀለሙ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው። ስከፍተው ጥሬ ሱፍ ይሸታል።

ፋርማሲስቱ፦ አሁን ገባኝ። ከፍሬው የተጨመቀ የምግብ ዘይት ነው፤ እንደ ኑግና እንደ ሱፍ ዘይት ማለት ነው። ቲኤችሲም ሲቢዲም የሚሠሩት ሴቴዋ አበባ ላይ ባሉት ጥቃቅን፣ ሙጫ በሚያወጡ ፀጉሮች እንጂ ፍሬው ውስጥ አይደለም። ፍሬው ላይ ቢገኝ እንኳ ከአበባው የነካው ትንሽ ነገር ነው። ልጅሽን አያሰክረውም፤ ግን እባክሽ ልብ በይ፣ በሽታውንም አያቆምለትም።

እህትሽ የሰማችው ሌላ ነው። በፈረንጆቹ 2018 አሜሪካ ውስጥ የተጣራ ሲቢዲ ድራቬትና ሌኖክስ ጋስቶ ለሚባሉ ሁለት ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች በመድኃኒትነት ተፈቅዷል። በልጁ ክብደት ተለክቶ፣ በሐኪም ክትትል የሚሰጥ ነው። ከቫልፕሮት ጋር ሲወሰድ ደግሞ ጉበት ሊጎዳ ስለሚችል የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። ሱቅ የሚሸጠው ጠርሙስ ይህን አይተካም። ቫልፕሮቱን በራስሽ እንዳታቋርጪበት፤ ድንገት ሲቋረጥ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል።

አስቴር ከቡራዩ፦ እኔ ስለ ሕጉ ልጨምር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ይዞ መገኘትን አጥብቆ ይቀጣል። ፖሊስ ደግሞ ዘሩን በዓይኑ አይለየውም፤ ላቦራቶሪ ነው የሚለየው። በሰው እጅ መላኩ ይቅር፤ ተሸካሚውም መከራ ውስጥ ይገባል። ሐኪሙ ያስፈልገዋል ካለ በሱ በኩል ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ጠይቁ።

የሱሉልታዋ እናት፦ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠርሙሱን ከድኜ ከፍ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ፤ ሐሙስ ቀጠሮው ላይ ለሐኪሙ አሳየዋለሁ። እህቴንም ሌላ እንዳትልክ ነገርኳት። ጠዋት ቫልፕሮቱን ወስዶ ትምህርት ቤት ሄዷል።