ባሕር ዳር ውሻ ይዞ የሚከራዩት ቤት እንዴት ይገኛል?

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ከማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ተዛውሯል። አንዲት ውሻና አንዲት ድመት አሉኝ። በደላላ ቤት እያፈላለግኩ ነው። ድመቷን ማንም አይጠላትም፣ «አይጥ ትይዝልናለች» ይላሉ። ውሻ ሲባል ግን ወሬው እዚያው ያልቃል። አንዷ አከራይማ «ከውሻ ልጅ ብትወልጂ አይሻልም?» ብላኛለች። ውሻዋ የሀገር ውሻ ናት፣ ሰው ነክሳ አታውቅም። ሁለት ክፍል ይበቃኛል፤ ፔዳ አካባቢ ቢሆን ደግሞ ለሥራዬ ይቀርባል። ያለፈበት ሰው ካለ እስቲ ምከሩኝ።

መልስ (ከዓባይ ማዶ)

እህቴ፣ ፔዳ ዙሪያ ብዙ አትድከሚ። ተማሪና ሠራተኛ በአንድ ግቢ ሰርቪስ ቤት ተደርድሮ የሚኖርበት ሰፈር ነው። አንዱ ጎረቤት «ፈራሁ» ካለ ባለቤቱ የሚያስወጣው አንቺን ነው። ድልድዩን ተሻገሪና ዓባይ ማዶ ፈልጊ። ባለቤቶቹ አዲስ አበባ ወይም ውጭ ሀገር ሆነው ግቢያቸውን የሚጠብቅላቸው ሰው የሚፈልጉ አሉ። እነሱ ዘንድ ውሻሽ ዘበኛ ናት።

ደላላውን «ውሻ የሚቀበል ቤት» አትበዪው፣ ስልክሽንም አያነሳም። «ባለቤቱ የማይኖርበት፣ አጥሩ የተሟላ ግቢ» በዪው። ለባለቤቱ ግን ቀብድ ሳትከፍዪ በፊት በግልጽ ንገሪው።

መልስ (አከራይ ነኝ)

የእኛንም ስሙን እንጂ። እኔ በርበሬ አሰጣለሁ፣ ብቅል አሰጣለሁ፣ ዶሮ አለኝ። የማርያም ጽዋ ሲደርሰኝ ጠላ የምጠምቀው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ውሻ አፉን ያስገባበት ዕቃ ደግሞ አበቃለት፣ ማን ይጠጣበታል? እንግዳዬስ ከበር ላይ ተጮኾበት ከተመለሰ ሁለተኛ ይመጣል?

አንድ ተከራይ ነበረኝ። ጠዋት ውሻውን አስሮ ይወጣል፣ ማታ ይገባል። ቀኑን ሙሉ ሲያላዝን የምሰማው እኔ ነኝ። አንዳንዴ ውሃም ሳያስቀምጥለት ይሄዳል፤ እኔው አጠጣው ነበር። እኔ ከዚያ ወዲህ ውሻ ያለው ሰው ሲመጣ የምፈራው ሰውየውን ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ ቀን ማን እንደሚያያት፣ የት እንደምታድር፣ ቆሻሻዋን ማን እንደሚጠርግ ሳልጠይቅሽ ንገሪኝ። ራሷንም ይዘሻት ነይ። ዶሮዎቼን አይታ ዝም ካለች፣ በኪራዩ ብቻ ነው የምንከራከረው።

መልስ (የእንስሳት ሐኪም)

ማርቆስ እያለሽ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስወጊያትና ወረቀቱን ያዥ። ክትባቱ 3 ወር ሲሞላቸው ይጀመራል፣ በየዓመቱ ይደገማል። ድመቷም ትከተብ፣ በሽታው እሷንም ይይዛል። ልጆች ያሉት አከራይ «አትናከስም» የሚለውን ቃልሽን ትቶ ወረቀቱን ነው የሚያየው።

ማንንም ውሻ ቢነክሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ወዲያው ጤና ተቋም መሄድ ነው። በባህል መድኃኒት ጊዜ መግደል አደገኛ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

ደግሞ ሴት ናት ብለሻል። ወንድ በምትፈልግበት ወቅት የሰፈሩ ውሻ ሁሉ በራችሁ ላይ ያድራል፤ አከራይ የሚማረረው ያኔ ነው። የሚያመክንልሽ ባለሙያ ካገኘሽ ከመዛወርሽ በፊት ጨርሺው። ወደ ውጭም አትልቀቂያት። ባለቤት የሌላቸው ውሾች በመርዝ የሚወገዱበት ጊዜ አለ፣ መርዙ ደግሞ አይመርጥም።

መልስ (ሕግ የተማረ)

ውሉን በጽሑፍ አድርጉት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ ይላል፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። አዋጁ የሚሠራባቸውን ከተሞች የሚወስነው ክልሉ ስለሆነ አሠራሩን ከክፍለ ከተማው አጣሪ። ውሉ ውስጥ «አንዲት ውሻና አንዲት ድመት» የሚል ይግባ። ባለቤቱ አዲስ አበባ ከሆነና ወንድሙን ወክሎ ከላከ፣ በቃል የተባባላችሁትን ወንድምየው አያውቀውም።

አንቺም ግዴታሽን እወቂ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2071 መሠረት እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ጉዳት ቢያደርስ እንኳ ኃላፊው ባለቤቱ ነው። የአከራይዋን ዶሮ ከበላች ትከፍያለሽ፣ ክርክር የለውም።

መልስ (ከዳንግላ)

ምን ይሄ ሁሉ ጣጣ? ገጠር ዘመድ ጋ ላኪያት፣ ከብት ትጠብቃለች።

ጠያቂዋ

ወንድሜ፣ ሶፋ ስር ተኝታ ያደገች ናት፤ ጅብ ቢመጣ መጀመሪያ የምትሸሸው እሷ ነች። ለሌሎቻችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ለደላላው ዓባይ ማዶ እንዲያይ ነግሬዋለሁ፣ ክትባቱንም አስወጋለሁ። ግን መኪናውስ? ሚኒባስ እንደማይጭናት አውቃለሁ።

መልስ (ከዓባይ ማዶ)

ዕቃሽን ከሚጭነው አይሱዙ ጋር ትሂድ። ጋቢና እንድትገባ ከሹፌሩ ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪ፣ እምቢ ካለ ከኋላ ጥላ ባለበት አጭር አድርገሽ እሰሪያት። ከመነሳታችሁ በፊት ብዙ አታብያት፣ ታስመልሳለች። ቡሬ ላይ አውርደሽ ውሃ አጠጫት። ጠዋት በጊዜ ተነሱ፣ ባሕር ዳር ከሰዓት ይሞቃል። ድመቷን በካርቶን እንዳትሞክሪ፣ ቀዳ ትወጣለች። ክዳን ያለው ቅርጫት ግዢ።