ክርክር፦ የሜርኩሪ ፕሮጀክት ተሳካ የሚባለው ምን ሲቀንስ ነው?

የአሶሳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስለ ወርቅና ሜርኩሪ ስንከራከር ነገሩ ሳይቋጭ ቀርቷል። ጥያቄውን ላጥብበው። ሰዎች በእጃቸው ወርቅ በሚያወጡበት ቦታ ሜርኩሪን ልቀንስ ብሎ የሚመጣ ፕሮጀክት ተሳካ ወይም ከሸፈ የምንለው በምን ለክተን ነው?

እኛ ጋ ወርቅ ማጠብ የእናቶች ሥራ ነው። ወንዱ ይቆፍራል፣ ሴቷ አፈሩን በገበቴ ታጥባለች። ከውሃና ከትዕግሥት በቀር ሌላ ነገር አይገባበትም ነበር። ድንጋይ የሚፈጭ ማሽን ሲመጣ ግን ከተፈጨው ድንጋይ ውስጥ ወርቁን በራሱ ላይ አጣብቆ የሚያወጣው ሜርኩሪ፣ አባቶች ባዜቃ የሚሉት፣ አብሮ መጣ። አሁን ደግሞ እሱን የሚቀንስ ፕሮጀክት ይመጣል። ይምጣ፣ ደስ ይለኛል። ግን ያነበብኳቸው ሪፖርቶች የሚሉት አንድ ነገር ነው። ይህን ያህል ሰው ሠለጠነ፣ ይህን ያህል ዕቃ ተከፋፈለ። ወንዝና ሳንባ ውስጥ የሚገባው ሜርኩሪ ስንት ቀነሰ? እሱን የሚነግረኝ መስመር አጣሁ። አቋሜ ይህ ነው፦ ሜርኩሪው ካልተለካ ፕሮጀክቱ አልተገመገመም።

ግምገማ ሥራዬ የሆነ፦
እህቴ፣ ግማሹን እቀበላለሁ። ግማሹን እቃወማለሁ። ሜርኩሪ በድብቅ ነው የሚሸጠው። ስንት እንደተጠቀመ የሚመዘግብ የለም። "ቀነሰ" ተብሎ የሚቀርበው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ስሌት ነው። መጀመሪያ በመነሻ ጥናት ለ1 ግራም ወርቅ ስንት ግራም ሜርኩሪ እንደሚባክን ይገመታል። ከዚያ ያለ ሜርኩሪ የተመረተው ወርቅ በዚያ ግምት ይባዛል። የመነሻው ግምት ከተጋነነ ስኬቱም አብሮ ይጋነናል። ስለዚህ ግራም ስለተጻፈ ብቻ እውነት ነው ማለት አይደለም።

ሥልጠናንም አንናቀው። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2007 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ዓለም አቀፍ የሜርኩሪ ፕሮጀክት የሚባል ሥራ በ6 አገሮች አካሂደው ነበር። ጎረቤታችን ሱዳን ነበረችበት፣ ታንዛኒያም እንዲሁ። ሜርኩሪ በነዚህ አገሮች ከዚያ በኋላም አልጠፋም። ታዲያ ከሸፈ? እኔ አልልም። ወርቅ አውጪው ምን እንደሚሠራ፣ ለምንስ እንደሚሠራው የታወቀው በእንዲህ ያለ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው፣ ሜርኩሪን ለመቆጣጠር የወጣው ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት ለአነስተኛ ወርቅ ሥራ ራሱን የቻለ አንቀጽ ሲሰጥ ከባዶ አልተነሳም።

የሻኪሶው፦
9 ዓመት ጉድጓድ ገብቻለሁ። አሁን ትቻለሁ። እናንተ ስለ ሪፖርቱ ትላላችሁ፣ እኔ ስለ ዕቃው ልንገራችሁ።

ሜርኩሪው በጢስ ወጥቶ ወርቁ ብቻ እንዲቀር የሁለቱ ድብልቅ ይቃጠላል። ያኔ የሜርኩሪውን ጢስ ይዞ መልሶ የሚያቀዘቅዝ፣ ግጥም ብሎ የሚዘጋ የብረት ዕቃ ሰጥተውን ነበር። ዕቃው ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። ግን ወርቅህ ውስጥ ገብቶ ተዘግቶ አይታይህም። ለስድስት ሰው የሚካፈል ወርቅ ነው። ማን ያምናል? በአካፋ ላይ ስታቃጥለው ሁሉም ከቦ ያያል። ደግሞ ቶሎ ያልቃል፣ ገዢው ቆሞ እየጠበቀህ ነው። ዕቃው ለማሳየት አንድ ቀን ተሞከረ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። በሪፖርቱ ላይ ግን "ተከፋፈለ" ተብሎ ተቆጥሯል።

ዋናው ነገር ሌላ ነው። ሜርኩሪውን የሚሰጠን ራሱ ወርቅ ገዢው ነበር። አንዳንዴም በነፃ። ስለዚህ ወርቁን ለሌላ ሰው መሸጥ አንችልም። ሥልጠናው ላይ ሜርኩሪ መርዝ ነው ተባልን። እሺ፣ ገባን። ማታ ግን ዱቄቱንም፣ ዘይቱንም፣ ሜርኩሪውንም ያበደረን ሰው ዘንድ ነው የምንሄደው። ያንን ዕዳ ያልነካ ፕሮጀክት እኔ ዘንድ ዜሮ ነው።

ነርሷ፦
ወንድሜ ያልከው ልቤን ነክቶታል። እኔ ደግሞ ከሰውነት ልጀምር። ጢሱን የተነፈሰ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ይረሳል፣ ይነጫነጫል። ጤና ጣቢያ ሲመጣ "ወርቅ ታቃጥላለህ ወይ?" ብሎ የሚጠይቀው ከሌለ በመጠጥ ወይም በጭንቀት ተሳቦ ይመለሳል።

አንድ የምለው አለኝ። ጢስ ሆኖ የገባ ሜርኩሪ በሽንት ምርመራ ይታያል። መጋለጡ ከቆመ ደግሞ በየ2 ወሩ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። እስቲ አስቡት። የሚያቃጥሉትን ሰዎች በፊት መርምር፣ ፕሮጀክቱ ከገባ ከ6 ወር በኋላ ድገም። ዕቃውን በእርግጥ እየተጠቀሙበት ከሆነ ይወርዳል። ካልሆነ አይወርድም። ሪፖርት ሊያሳምረው የማይችል ቁጥር ነው። በዓሣ በኩል የሚገባው ግን ሌላ ዓይነት ነው፣ እሱ በፀጉር ነው የሚለካው። የጃፓኗ ከተማ ሚናማታ እ.ኤ.አ. በ1956 የታወቀችበት በሽታ የመጣው በዚህ መንገድ ነው፤ እናት ሳትታመም በማህፀን ያለው ልጅ የተጎዳበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ የሚያቃጥለውን ሰው ብቻ መርምረን እንዳንሄድ።

ናይሮቢ ያለሁት፦
እኔ ይህን ሁሉ ልኬት አልወደውም። ይከልከልና ይለቅ። ሞንጎሊያ እ.ኤ.አ. በ2008 ከልክላለች። ፊሊፒንስም እ.ኤ.አ. በ2012 ለአነስተኛ ወርቅ ሥራ ከልክላለች። እዚያው ፊሊፒንስ፣ ቤንጌት በሚባል ቦታ፣ አምራቾቹ ራሳቸው ቦራክስ በሚባል ነጭ የጨው ዓይነት ወርቅ ማቅለጥ ከጀመሩ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። አፈሩን ደህና አድርገው ያጥቡታል፣ የቀረው ከባዱ አሸዋ ላይ ቦራክስ ጨምረው ያቀልጡታል። ቦራክስ ከወርቁ ጋር ያለው ሌላ ማዕድን ቶሎ እንዲቀልጥና ወርቁ እንዲለይ ይረዳል። ሜርኩሪ የለም፣ ጢሱም የለም። መንገዱ እያለ "ቀስ በቀስ እንቀንስ" ማለት ለምን ያስፈልጋል?

የአሶሳዋ፦
ወንድሜ፣ የሞንጎሊያውን እስከ መጨረሻው ንገረን እንጂ። ክልከላው ብቻውን አልሠራም። እ.ኤ.አ. በ2010 የአነስተኛ ማዕድን ሥራን ሕጋዊ የሚያደርግ ደንብ ወጣ። በስዊዘርላንድ ድጋፍም ያለ ሜርኩሪ የሚሠሩ ማጣሪያዎች መጡ። ፈቃድ የሌለው ሰው ላይ ክልከላ ብትጭንበት ሥራውን አይተውም። ከሜዳ ወደ ጓዳ ይወስደዋል። ጓዳ ደግሞ ልጆች የሚተኙበት ነው።

ጋሼ ገምጋሚው፣ እርስዎ የግራሙ ቁጥር አይታመንም ላሉት አሁን መልስ አገኘሁ። የሚናማታ ስምምነት መጥፋት አለባቸው ብሎ አራት ነገሮችን ለይቶ አስቀምጧል። የተፈጨውን ድንጋይ ሳያጥቡ በሙሉ ከሜርኩሪ ጋር ማሸት። ድብልቁን ክፍት ቦታ ላይ ማቃጠል። ሰው በሚኖርበት ሰፈር ማቃጠል። ሜርኩሪ ያለበትን ዝቃጭ ሜርኩሪውን ሳያወጡ ወርቅ በሚያሟሟው መርዛማ ኬሚካል፣ በሳያናይድ፣ ማጠብ። እነዚህ አራቱ በዓይን ይታያሉ! ሚዛን አይፈልጉም። ሳይነግሩ መሄድና ማየት ነው።

የመጀመሪያው ነው በጣም የሚያስጨንቀኝ። በዚህ መንገድ ሲሠራ ሜርኩሪው በብዛት ይፈስሳል። ከወርቁ ጋር ተጣብቆ እሳት ላይ የሚደርሰው ትንሹ ነው፣ የቀረው ከጭቃው ጋር ይሄዳል። የብረቱ ዕቃ የሚይዘው እሳት ላይ የደረሰውን ብቻ ነው። ስለዚህ ሺህ ዕቃ ቢከፋፈል ጭቃው ያው ነው። ጥሩ ማጠቢያ የሰጠ ፕሮጀክት ከዚያ ይበልጣል። ታጥቦ የከበደው አሸዋ ላይ ብቻ ሜርኩሪ የሚጠቀም ሰው እንኳ ብክነቱ በእጅጉ ያነሰ ነው።

ግምገማ ሥራዬ የሆነ፦
አራቱን በዓይን መቁጠር የሚለውን ተቀብያለሁ። በጣም ጥሩ ነው። የኔ ሙያ ሰዎች "አመላካች" ሲሉ ከቢሮ ያመጡታል፣ ይሄኛው ግን ጉድጓዱ አፍ ላይ ያለ ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ከተማውን አትርሱ። ተቃጥሎ የመጣው ወርቅ ውስጥ ሜርኩሪ ይቀራል። ገዢው ሱቁ ውስጥ ደግሞ ሲያቀልጠው ያ ይወጣል። ሱቁ ገበያ መሃል ነው፣ ጎኑ ምግብ ቤት ሊኖር ይችላል። ጉድጓዱን ብቻ ያየ ግምገማ ይህን ያልፈዋል። ሁለተኛ፣ ጊዜው። ገንዘቡ ባለቀበት ወር የሚደረግ ግምገማ አይታመንም። ማሽኑ ያኔ አዲስ ነው፣ መካኒኩም ገና ይከፈለዋል። ከ2 ዓመት በኋላ መለዋወጫ ሲጠፋ ነው መታየት ያለበት።

የሻኪሶው፦
ጋሼ፣ ሱቁን ካነሱት ከዚያው ይጀምሩ። ብሔራዊ ባንክ ወርቅ ይገዛል፣ ዋጋም ጨምሯል። ግን በእጁ 2 ግራም ያለው ሰው ባንክ ድረስ አይሄድም። መኪናው፣ መንገዱ፣ ወረፋው ይበላዋል። ስለዚህ ለገዢው ይሰጣል። ባንኩ የሚከፍለው ዋጋ ጉድጓዱ ድረስ ቢመጣ፣ ማኅበሩም ለዱቄትና ለዘይት የሚያበድር የራሱ ቁጠባ ቢኖረው፣ ሜርኩሪ የሚያበድረኝን ሰው ለምን እፈልገዋለሁ? አፈሩን ደህና አድርጎ ማጠብ የሚያቅተው የለም። ስንፍና አይደለም፣ የሚያጣድፈን ዕዳው ነው።

ሌላም አለ። በእኛ ላይ የተጻፈ ሪፖርት አንድም ቀን አልተነበበልንም። መጥተው ጠየቁን፣ ፎቶ አነሱን፣ ሄዱ።

ግምገማ ሥራዬ የሆነ፦
እውነትህን ነው ወንድሜ። እኔም እንደዚያ ያደረግኩባቸው ቦታዎች አሉ፣ ይቆጨኛል። ከዕዳው መጀመር የሚለውን ይዤዋለሁ። ለሜርኩሪ አበዳሪ የታሰሩት ከስንት ወደ ስንት ወረዱ ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

የሽንት ምርመራውን ግን ገና አልተስማማሁበትም። እህቴ ነርሷ፣ የአንድ ሰው ቁጥር ከፍ ብሎ ቢገኝ ለማን ነው የምትነግሪው? ለፕሮጀክቱ? ለቀበሌው? ቀበሌው ካወቀ ሥራውን ሊዘጋበት ይችላል።

ነርሷ፦
ለሰውየው። በቋንቋው፣ ብቻውን አድርጌ። ከዚያ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ከሆነች እሷንም እጠራለሁ። ለፕሮጀክቱ ስም የሌለው ቁጥር ይበቃዋል።